ልብሳችሁን የት ነው የምታሰጡት?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በትንሽ የገጠር ከተማ ስለመኖር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጋዜጣው እጄ የገባው ከታተመ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዘመዴ ከሽሮ ሜዳ ክር ሲልክልኝ የጠቀለለው በእሱ ነበር። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ስለ አየሩም፣ ስለ ቤት ኪራዩም የተባለው እውነት ነው። የከነከነኝ ፎቶው ነው። ፎቶው ላይ አደይ አበባ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ልጆች ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ። ጽሑፉን ገና ሳልጀምር ለባለቤቴ «ይኼ ሰው የሄደው በመስከረም ነው» አልኳት። ተቀብላኝ አየችና «እንዳንተ» አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያቺ «እንዳንተ» ናት።

ሸማኔ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ከጋሞ ምድር፣ ከዶርዜ የወጣው በልጅነቱ ሲሆን፣ አጎቱን ተከትሎ አዲስ አበባ ገብቶ እዚያው ሸምኖ እዚያው አረጀ። እኔም ከስር ከስሩ እያልኩ ሙያውን ያዝኩ። ባለቤቴ የጉለሌ ልጅ ናት። ጋቢ ትቋጫለች፣ ቀሚስ ትሰፋለች። ሦስት ልጆች አሉን። ከጥቅምት 2016 ጀምሮ የምንኖረው ጨንቻ ነው።

ጨንቻን ለማያውቅ ሰው፦ ጋሞ ደጋ ላይ ናት። ከአርባ ምንጭ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጨንቻ 2,700 አካባቢ ናት። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ሸሚዝ ብቻ ለብሰህ ትገባለህ፣ ስትወርድ ጋቢ ትፈልጋለህ። ታች ሙዝ፣ ላይ ገብስና እንሰት። ቀኑ ከጠራ ከመንገዱ ጠምዛዛ ላይ አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ይታያሉ። በንጉሡ ዘመን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ ነው መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ የወረደው። አባቴ «ሹማምንቱን ያባረራቸው ብርዱ ነው» እያለ ይቀልዳል። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ያስወጣን ምን እንደሆነ ብዙ አላወራም። ለሁሉም ሰው ያው ነው። ሁለት ክፍል ቤት፣ በአንዱ የሽመና ዕቃው፣ በአንዱ አምስት ሰው። ኪራዩ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ5,000 ብር 9,000 ገባ። የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ የወጣው እኛ ከወጣን በኋላ ነው። ገበያውም ተበላሽቶብን ነበር። ጥበብ የሚመስል የታተመ ጨርቅ ከውጭ እየገባ፣ እኔ ሳምንት የምቀመጥበትን ቀሚስ ሰው በሩቡ ዋጋ ይገዛዋል። ከሩቅ ሲያዩት አይለይም። ከቅርብ ይለያል፣ ግን ሠርግ ላይ ማን ቀርቦ ያያል?

ሌላም አለ። ታላቅ ወንድሜ ቡራዩ ነበር የሚኖረው። በመስከረም 2011 እዚያ በጋሞዎችና በሌሎችም ላይ የደረሰውን ጥቃት ታውቃላችሁ። ቤቱን ትቶ ወጣ። ያን ሰሞን አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ሊበቀል ሲነሳ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩና መለሱት። እኔ ይህን በቴሌቪዥን ሳይ «እኔ የእነዚህ ሰዎች ልጅ ሆኜ ለምንድን ነው ቋንቋቸውን እንኳን አሳምሬ የማልችለው?» አልኩ። ሐሳቡ ያኔ ነው የተጠነሰሰው። አምስት ዓመት ፈጀ እንጂ።

ከተማ ስንመርጥ ሦስት ቦታ ነበር በአፋችን። አርባ ምንጭ ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ አውሮፕላን ያርፍባታል። ነገር ግን ወባ አለ፣ ትንሿ ልጃችን ያኔ ስምንት ወሯ ነበር፣ ኪራዩም ከሽሮ ሜዳ ብዙም አይርቅም። ዶርዜ የአባቴ አገር ነው። ግን የኔ ቤት ሁልጊዜ ቱሪስት የሚጎበኘው ቤት እንዲሆን አልፈለግሁም። ጨንቻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላት። ሆስፒታል አላት። ማክሰኞና ቅዳሜ ትልቅ ገበያ ይቆማል። ዝቅ ብሎ ዶርዜ ዘመድ አለ። ብርዱን በተመለከተ ደግሞ፣ እንጦጦ ስር ያደገ ሰው ብርድ ምን ያደርገዋል አልኩ። ስንደምር ስንቀንስ ጨንቻ በለጠች። እስካሁንም በከተማዋ አልተጸጸትኩም። ያበላሸሁት ወሩን ነው።

ማስቃላን የማያውቅ ሰው ጥፋቴን አይረዳኝም። ለጋሞ ሰው መስቀል ዘመን መለወጫ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ፣ ልብስ ገዝቶ፣ ለእናቱ ሻሽ ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል። ከሩቅ «ዮ ማስቃላ!» የሚል ዘፈን ይሰማል። ሥጋ አለ፣ ቅቤ አለ፣ ዳጣ አለ፣ ያልታረቀ ይታረቃል። መንገዱ ደርቋል። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን አገር ያየሁት በዚያ ሳምንት ብቻ ነው። አባቴ «በማስቃላ ድሀ የለም» ይል ነበር። ተረት መስሎኝ በደስታ እደግመው ነበር። ለካ ማስጠንቀቂያ ኖሯል።

በመስከረም 2016 ብቻዬን መጣሁ። ባለቤቴ ሕፃኗን ይዛ አዲስ አበባ ቀረች። በበዓሉ ማግስት አንድ ቤት አሳዩኝ። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ሜዳ ላይ፣ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ። ፊት ለፊቱ ለጥ ያለ አረንጓዴ ሣር። ከሣሩ ወዲያ ትንሽ ጅረት፣ ድምፁ ደስ የሚል። ሦስት ክፍል በ2,000 ብር። ወለሉ አፈር ስለነበር ለሽመና ጉድጓድ መቆፈር ይቻላል። ወዲያው የስድስት ወር ከፈልኩ። ሣሩ ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩላትና «ልጆቹ የሚጫወቱበት ሜዳ አለን» አልኳት።

ጓዛችንን ስንጭን ብዙ ሰው ቀልዶብናል። ሰው ከገጠር አዲስ አበባ ይገባል እንጂ እንዴት ይወጣል? ያን ሰሞን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ውጤት ተነግሮ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፈው 3.2 በመቶ። የባለቤቴ ወንድም «አዲስ አበባ እያሉ እንዲህ ከሆነ፣ እዚያ ወስደህ ልትቀብረው ነው?» አለኝ፣ ስለ ትልቁ ልጄ። መልስ አልነበረኝም። ስለ መሸኛው ደግሞ ባልናገር ይሻላል። ስሙን ወደማልጠራው አንድ ቢሮ አራት ቀን ተመላለስኩ። ፋይላችን ጠፋ ተባለ፣ ተገኘ ተባለ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ከመጓዝ መሸኛ ማውጣቱ ያደክማል። ከመሄዳችሁ ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩት፣ ያለሱ አዲሱ ቦታ መታወቂያ የለም።

እስከ ጥር ቤቱ ደህና ነበር። ጉድጓዴን ቆፈርኩ፣ ዕቃዬን ተከልኩ። የሸመንኩትን በቅጥቅጥ እስከ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሽሮ ሜዳ እልካለሁ። ገንዘቡ በቴሌብር ይመጣል። ልጆቹ ሣሩ ላይ ይጫወታሉ።

እኔ በአዲስ አበባ ሒሳብ ክረምቱን ከሰኔ ነበር የምጠብቀው። እዚህ ዝናቡ በመጋቢት ይጀምራል። ትንሽ ይተዋል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ ሐምሌ ላይ ጉሙን ይዞት ይመጣል። ጉም ስል ጠዋት ታይቶ የሚገፈፍ አይደለም። ቤት ውስጥ ይገባል። በር ከፍተህ ስትቆም እንደ እንግዳ አልፎህ ይገባል። ሣር የመሰለኝ ሜዳ ረግረግ ነበር። ያ ደስ የሚል ድምፅ ያለው ጅረት በግንቦት መጨረሻ ድምፁ ተለወጠ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ለመሥራት ተቀመጥኩ። ጨለም ይላል፣ መብራት የለም። ሸማኔ ሲሠራ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ መረገጫው እዚያ ነው ያለው። እግሬን ስከት ቀዘቀዘኝ። እስከ ባቴ ውሃ ውስጥ ነኝ። ማታ ደረቅ ነበር። ከላይ አልፈሰሰም፣ ከመሬቱ ነው የመነጨው። መረገጫው ተንሳፏል። በጣሳ ቀዳሁ፣ ልጄም በባልዲ ቀዳ። አርባ ባልዲ ቆጥረን ተውነው። እኛ በቀዳን ቁጥር እኩል ይሞላል። የተወጠረው ድር እርጥበቱን ስቦ ላልቷል። ለሠርግ የታዘዘ ነበር።

ቤቱን ያከራየኝን ሰው ጠራሁት። ጉድጓዱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «በየዓመቱ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝም።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። እውነቱን ነው፣ አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት ኪራዩን ነው።

በዚያው ወር፣ ሐምሌ 15፣ ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው መጨረሱን ሰማን። የኛ ዞን አይደለም፣ ግን ተዳፋቱ ያው ነው፣ ዝናቡም ያው ነው። ያን ምሽት ሰፈሩ ሁሉ ዝም ብሎ ቀና ብሎ ወደ ላይ ያይ ነበር። ማግስቱን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መጡና ይዘውኝ ወጡ። በከዘራቸው እያመለከቱ የትኛው ቦታ ላይ ቤት እንደማይሠራ አሳዩኝ። እዚያ ዛፍ የለም፤ የነበረው ተቆርጧል። እዚህ መሬቱ በቀደም ክረምት ተሰንጥቋል። ያ ደግሞ ድሮ ግጦሽ ብቻ ነበር፣ አሁን ልጆች ቦታ ሲጠባቸው ወረዱበት። የእኔ ቤት ጋ ሲደርሱ አልተናገሩም። በከዘራቸው ሣሩን ወጋ አደረጉት። ከዘራው ሲወጣ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ።

የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን የተባለውም ያኔ ነው፣ ሐምሌ 22። የክር ዋጋ በሳምንት ውስጥ ተሰቀለ። እኔ በእርጥብ ጉድጓድና በውድ ክር መሀል ተቀምጬ «እንመለስ» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ያልኩት እኔ ነኝ። አልመለስም ያለችው ጋሞኛ የማትችለው፣ ዘመድ የሌላት፣ መምጣት ያልፈለገችው ባለቤቴ ናት። «መጀመሪያ እኔ ቤት ልፈልግ» አለች። «አንተ በበዓል መረጥክ። እኔ በጭቃ እመርጣለሁ።»

ከጎረቤት ቦቲ ተዋሰች። ሕፃኗን አዝላ፣ ላስቲክ ለብሳ፣ ትልቋን ሴት ልጃችንን አስተርጓሚ አድርጋ ወጣች። እኔ ከኋላ ከኋላ። ኪራይ አልጠየቀችም። የክፍሎቹን ብዛት አልጠየቀችም። ቤት ባገኘች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልብሳችሁን የት ነው የምታሰጡት?»

መጀመሪያ ሞኝነት መሰለኝ። ነገሩ የገባኝ ሦስተኛው ቤት ላይ ነው። እዚህ በሐምሌ የታጠበ ጋቢ ውጭ አይደርቅም። ቤት ውስጥ ደግሞ ስድስት ቀን ይፈጃል፣ በአራተኛው ቀን ይሸታል፣ በስድስተኛው ይሻግታል። የሕፃን ልብስ ያለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ለጥያቄዋ መልስ ያለው ቤት ጭሱ መውጫ አለው ማለት ነው፣ ማገዶው በደረቅ ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ነፋሱ በየት እንደሚመጣ የሠራው ሰው አስቦበታል። አንዷ ሴትዮ ሳቀችና «አናጥብም» አለች። አንዱ ቤት አልጋ ላይ የተከመረ እርጥብ ልብስ አሳዩን። ይቅርታ እየጠየቁ።

አንዲት አሮጊት ጋ ደረስን። ቤታቸው የቀርከሃ ነው፣ በድሮው አሠራር፣ ፊቱ የዝሆን ፊት የሚመስለው። አማርኛ ብዙም አይሞክሩም። ልጄ ጥያቄውን ስትነግራቸው በአገጫቸው ወደ ላይ አሳዩን። ከምድጃው በላይ ቆጥ አለ። ከቆጡ በላይ ገመድ። ገመዱ ላይ ነጠላ፣ የልጅ ሱሪ፣ አንድ ያረጀ ኮት። ባለቤቴ እጇን ዘርግታ ነጠላውን ነካችው። ደረቅ ነው። ሙቅ ነው። ጉንጯ ላይ አደረገችው። አሮጊቷ ስቀው አንድ ነገር ተናገሩ። ልጄ «እናትሽ ሞኝ ናት ወይስ ብርድ ነው? ይላሉ» አለች።

በነገራችን ላይ የቀርከሃው ቤት እንዲሁ ለቱሪስት ፎቶ አልተሠራም። ጭሱ ሣሩንና ቀርከሃውን ያደርቀዋል፣ ነቀዝም ያባርራል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ሥሩን ይቆርጡለታል፤ ቤቱ በየዓመቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም። ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። እኔ ይህን ሁሉ ከአባቴ ስሰማ ኖሬ፣ ቆርቆሮ ስላብለጨለጨ ረግረግ ላይ ስድስት ወር ከፈልኩ።

የአሮጊቷ ልጅ አጠገባቸው የሠራው ቤት ባዶ ነበር። ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ ግን ከገደሉ ራቅ ብሎ። ኪራዩ 2,500፣ ሁለት ክፍል ብቻ፣ ሜዳ የለውም፣ እይታ የለውም። በነሐሴ 2016 በዝናብ ገባን። አዲስ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ይህን የምጽፈው በነሐሴ 2017 ነው፤ ጉድጓዱ እስካሁን አንድ ጠብታ አላፈለቀም።

ጥበቡ ግን ጭስ ጭስ ይላል። ይህን ልደብቅ አልችልም። ዋሽንግተን ያለች ደንበኛዬ ቀሚሷ ሲደርሳት በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። «ቆንጆ ነው፣ ግን የአያቴን ጓዳ ይሸታል» አለችኝ። ተናደደች ወይስ ደስ አላት እስካሁን አልገባኝም። ሌላ አዘዘች።

ወደ ጽሑፋችሁ ልመለስ። «ጸጥታ» ብላችኋል። ጸጥታ የት ነው ያለው? ሌሊት አሥር ሰዓት ዶሮ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ቅዳሴ፣ እሑድ ከታች የፕሮቴስታንቱ መዝሙር በድምፅ ማጉያ፣ ቅዳሜ የገበያ አህያ። ገጠር ጸጥ ያለ ነው የሚለው መኪና ብቻ የሚሰማ ሰው ነው።

«ማኅበራዊ ሕይወቱ» ብላችኋል። እሱ እውነት ነው፣ ግን ወዲያው አይሰጥም። የመጀመሪያው ዓመት ሰው ሰላም ይለናል እንጂ አይገባም ነበር። ባለቤቴ «እንግዳ ናችሁ ወይስ ልትኖሩ ነው?» ተብላ ውሃ ቦታ ላይ ተጠይቃለች። እኔ የዶርዜ ልጅ ነኝ ብዬ ስመካ፣ አፌን ስከፍት ጋሞኛዬን ሰምተው ይስቃሉ። እድር የገባነው ክረምቱን ከተቀመጥን በኋላ ነው። የሰፈር ሰው በመስከረም የሚመጣ ብዙ አይቷል። የሚቆጥረው በነሐሴ ያለውን ነው።

ስለ ቋንቋው ብቻውን ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ትልቋ ሴት ልጄ ስትመጣ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የገባችበት ክፍል የሚማረው በጋሞኛ ነው። እኔ ስንመርጥ ይህን አስቤበታለሁ? አላሰብኩም። ሁለተኛ ደረጃ አለ ወይ አልኩ እንጂ ሁለተኛ ክፍል በምን ቋንቋ ነው አላልኩም። አራት ወር ዝም አለች። ከትምህርት ቤት መጥታ ከግድግዳው ጋር ትቀመጣለች። ሌሊት ባለቤቴ ታለቅሳለች፣ እኔ የተኛሁ እመስላለሁ። በመጋቢት አንድ ቀን ከወንድሟ ጋር ተጣላችና በጋሞኛ ሰደበችው። አጥርታ፣ ሳትሰናከል። ያን ቀን ዳቦ ቆረስን ማለት ይቻላል። ለአባቴ ደወልንለትና «ሳሮ» ብላ ሰላምታ ሰጠችው፣ ከዚያ ቀጠለች። አባቴ ትንሽ ሰምቶ ስልኩን ጎረቤቱ ለሆኑት ሸማኔ ሰጣቸው። እሳቸውም ሰምተው ለሌላ ሰጡ። ካርዱ እስኪያልቅ ስልኩ ሽሮ ሜዳን ዞረ። እኔን ግን በአርባ ዓመቴም ማንም ለጎረቤት አሰምቶኝ አያውቅም።

ትልቁ ልጄ ሌላ ነገር ነው። በመስከረም 12ኛ ይገባል። አያቱ ጋ ሄጄ አዲስ አበባ ልፈተን እያለ ነው። ፈተናው ለአንዳንዱ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጭቅጭቁ ባሰ። መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ሲጠፋ ምን ልበለው? «አንተ ለራስህ ነው የመረጥከው» አለኝ በቀደም። አልተቆጣሁትም። አልጨረስነውም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ የምጽፈው መጨረሻ የለኝም።

ብርዱ የሰጠንም አለ፣ ሁሉን አላማርርም። ጨንቻ የፖም አገር ናት። ፖም ብርድ ይፈልጋል። ብርዱም እንደ ፈረንጅ አገር ስለማይጠነክር ጎረቤቶቻችን በወቅቱ ቅጠሉን በእጃቸው አንድ በአንድ ያራግፉለታል፤ ዛፉ የብርዱ ወቅት ያለፈ መስሎት ያብባል። ዛፍ ሲታለል ያየሁት እዚህ ነው። ስምንት ችግኝ ተክያለሁ። ሁለቱን ፍየል በላቸው።

አሁን እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ። ጽሑፋችሁን ያነበበ ብዙ ቤተሰብ አለ። እኔን እንኳ ሦስት ሰው ደውሎልኛል፤ አንዱ ሆሳዕና አካባቢ፣ አንዱ ደብረ ሲና፣ አንዱ እዚሁ ጨንቻ ይፈልጋል። ሦስቱም «ለመስቀል መጥተን እናያለን» ነው የሚሉት። ሦስቱንም ያልኩት አንድ ነው። ዛሬ ኑ። ጳጉሜን ሳይገባ። በጭቃው ውስጥ እስከሚከራየው ቤት ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። ባጃጁ የት ላይ «ከዚህ አላልፍም» እንደሚል እዩ፣ ከዚያ ቤቱ ድረስ ያለውን እርምጃ ቁጠሩ፤ የታመመ ሰው የምትሸከሙት በዚያ ነው። መብራት ከጠፋ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ጠይቁ። ቧንቧው በዝናብ ጊዜ እንደሚደፈርስ ወይም እንደሚቋረጥ ጠይቁ፤ ውሃ በሞላበት ወር ውሃ መጥፋቱ ለአዲስ ሰው አይታሰበውም። ሕፃናት ያሉት ሰው በምን ቋንቋ እንደሚማሩ ይጠይቅ፣ የልጁን ክፍል ጠርቶ። ደግሞ ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ። ብቻውን መጥቶ የተዋዋለ ወንድ ምን እንደሚመስል እኔን ማየት ነው።

አንዱ ደዋይ «በነሐሴ ማን መንገድ ይወጣል?» አለኝ። እኔም እሱን ነው የምለው።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ስለ ትንሽ ከተማ ስትጽፉ አንድ ጊዜ የክረምት ፎቶ አውጡ። አደይ አበባው ይቆየን። እኔም አንድ ፎቶ በስልኬ አንስቻለሁ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ከቤቴ ደጃፍ። ኔትወርክ ከመብራቱ ጋር ሄዶ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሲመለስ እልካለሁ። ደብዳቤው ቅጥቅጡ ላይ ከጋቢዎቹ ጋር ስለሚሄድ ቀድሞ ይደርሳችኋል፣ ጭስ ጭስ ቢል አትገረሙ።

ፎቶው ሲደርሳችሁ ነጭ ብቻ ነው የምታዩት። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ ጉም ነው። በስተግራ ጠቆር ያለው የጎረቤቴ ላም ናት።

አንባቢያችሁ
ሸማኔው፣ ከጨንቻ